በቱልስ ሥር ያለው ሁሉ

ወልቂጤ
ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ሰላምታውን በወጉ ሳላደርስ ወደ ወሬው ብገባ አትቀየሚኝ። አባትሽ ደህና ነው፤ ብርድ ሲመጣ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል እንጂ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለውም። እኔም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ደስታ ተረጋግቼ እንዳልቀመጥ አድርጎኛል። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ እያልኩ ተማሪ ሁሉ ድርሰቱን በሥርዓት እንዲጽፍ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ወረቀት ሳበላሽ አረፈድኩ። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል? ደህና ነን በያትና ዝጊው» ይለኛል። አልሰማሁትም። ሃሊማ ዓርብ ወደ ዱባይ ስለምትመለስ ደብዳቤውን በእጅዋ ታደርስልሻለች። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ሃሊማ ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጥታ የላክሽውን ዕቃ በሙሉ አስረክባናለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አንቺ ስጠይቃት፣ «ደህና ናት፤ ትንሽ ከሳ አለች እንጂ ደህና ናት» አለችኝ። ስለ ቢሮሽ ግን ያነሳችው ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። የእጅ ቅባቱን መልሼ ልኬልሻለሁ። እኔ ጠመኔ መያዝ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ እጄ አይደርቅም። በፎቶግራፉ ላይ እንዳየሁት ለአንቺ ይበልጥ ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ስለ ልጃገረዶች ማደሪያው በክረምት ጽፌልሽ ነበር። ዋና ቢሮው ቡታጅራ የሆነ ማኅበር እዚህ ወልቂጤ አንድ ቤት አሠርቷል። ከቸሃና ከአገና ገጠር ስምንተኛን ጨርሰው ከተማ ውስጥ ማረፊያ የሌላቸው ልጆች እየኖሩበት እንዲማሩ ነው። ግንባታው ስለዘገየ ልጆቹ የሚገቡት ገና አሁን ነው። አስተባባሪው ፈቃደ ነው፤ ታስታውሽዋለሽ፣ እጁን ሳያወጣ የሚመልሰው ተማሪዬ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አሁንም ግን እጁን ሳያወጣ ነው የሚናገረው። «ቲቸር፣ ኮምፒዩተር መጥቶልናል፤ ቅጾቹን በሥርዓት የሚያስገባልን ሰው ግን የለም» አለኝ። ሥርዓት የሚለውን ቃል ሲጠራ እንደማልቀር ያውቃል።

የምንሠራበት ፕሮግራም አክሰስ ይባላል። ሰው ሁሉ በስሙ፣ በአባቱ፣ በመንደሩ የሚጻፍበት መዝገብ ነው፤ ከወረቀት መዝገብ የሚለየው ሲጠይቁት መመለሱ ነው። ባለፈው ስለ እሱ ጠይቄሽ፣ የእናንተ ቢሮ የሚጠቀመው ሌላ ዓይነት እንደሆነ ጽፈሽልኛል። እንግዲያው ምንም እንደማታውቂ ቆጥሬ ከሀ እጀምራለሁ። አትሰልቺ፤ የምጽፍልሽ በምክንያት ነው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ከላይ ጫፍ ላይ ቃላት ተደርድረው ታያለሽ፦ ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው፣ ኢንሰርት፣ ቱልስ፣ ዊንዶው፣ ሄልፕ። እያንዳንዱ ሲነኩት እንደ መሳቢያ ወደ ታች ይከፈታል። ሌላው ሰው ፋይልን ከፍቶ ያትማል፣ ዘግቶ ይሄዳል። እኔን የያዘኝ ቱልስ ነው። መሣሪያዎች ማለት ነው። መጀመሪያ የከፈትኩት ዕለት ከውስጡ ያሉትን ሳይ ገበያ መሐል እንደተጣለ ሰው ሆኜ ቶሎ ዘጋሁት። በማግስቱ ግን እንደ ትምህርት ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ልሄድበት ወሰንኩ። አንዱ ምን እንደሚሠራ በራሴ አማርኛ መናገር ሳልችል ወደሚቀጥለው አላልፍም።

ከላይ ስፔሊንግ አለ፤ የእንግሊዝኛ ነውና አልፈዋለሁ። ዝቅ ብሎ ሪሌሽንሺፕስ ይላል፤ ዝምድና ማለት ነው። ረድኤት፣ ይህንን ብታዪ! ሁለት ሠንጠረዦች ይመጣሉ፤ በአንዱ የቤተሰብ ኃላፊዎች፣ በሌላው ልጆች አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር ትስቢያለሽ። በአባቱ በኩል የአንድ ቁጥር ይጻፋል፤ በልጆቹ በኩል የተጋደመች ስምንት ትቀመጣለች። ለአንዱ አባት ብዙ ልጆች ይኖሩታል ማለቱ ነው። አባት የሌላት ልጅ ልታስገቢ ብትሞክሪ እምቢ ይልሻል። አባትሽን ወስጄ አሳየሁት። ትንሽ ቆም ብሎ አየና፣ «እኔ የታለሁ?» አለኝ።

ዳታቤዝ ዩቲሊቲስ የሚለው ከጎኑ ትንሽ ቀስት ስላለው ላዩ ላይ ስትቆሚ ሌላ መሳቢያ ያወጣል። ስለሱ ዝቅ ብዬ እመለሳለሁ። ሲኩሪቲ የይለፍ ቃል ነው፤ የሚያስገባሽ ጉዳይ ሳይኖርሽ እንዳትነኪው። ኦፕሽንስ ከሁሉ ታች ነው፤ እዚያ ፕሮግራሙን እንደ ጠባይሽ ታስተካክይዋለሽ።

ከኦፕሽንስ ከፍ ብሎ ኦቶኮሬክት አለ። በራሱ የሚያርም ማለት ነው። በግራ ሳጥን ስህተቱን፣ በቀኝ ሳጥን ልኩን ትጽፊለታለሽ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ስህተቱን ጽፎ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ እሱ ዝም ብሎ ያቃናዋል። ዕድሜዬን በቀይ እስክሪብቶ የሠራሁትን ሥራ እኮ ነው! እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም። በእሳቱ ሰ የተጻፈውን ሰራተኛ ወደ ንጉሡ ሠ እንዲመልስ አዘዝኩት። ሌሎችንም ጨመርኩ። ከዚያ ደግሞ በግራው «ገረድ»፣ በቀኙ «ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ቃል ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዓይኔ ማየት አይወድም። በሰው ቤት የሚሠራ ሰው በላቡ የሚያድር ክቡር ሰው ነው፤ ሠራተኛ ተብሎ ይጻፍ አልኩ። ጽፌም ረሳሁት።

ቅጹ ላይ፣ «ልጅቷ ለቤተሰቡ ኃላፊ ምኑ ናት?» የሚል ጥያቄ አለ። ማኅበሩ ደግሞ አንድ ደንብ አለው፤ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር ልጅ ማረፊያ እንዳላት ስለሚቆጠር አትመረጥም። ሠራተኛ የተባለችውን ከዝርዝሩ እንዲያስቀር ማጣሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተሩ የምታስገባልን ሐና የምትባል የሆሳዕና ልጅ ናት። ጣቷ ዝናብ ነው፤ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ ነው የምትጽፈው። ስክሪኑን የምታየው ስትጨርስ ነው። የተመረጡት ስም ወጣ፣ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔም ኮራሁ።

ባለፈው ዓርብ አንድ ሰው በር ላይ ቆመ። ረጅም፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ከአገና በኩል የመጣ ገበሬ ነው። ሙሀመድአወል ይባላል።

«አሰላሙ አለይኩም። እዚህ ቤት ሰው የሚቀጥረው ማነው?» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም። እዚህ እንኳ ሰው አይቀጠርም አባባ፤ ማደሪያ ነው» አለው ፈቃደ።

«ትቀጥራላችሁ እንጂ! ልጄን ሃፊዛን ቀጥራችኋት የለ እንዴ፣ እኔው ቤት? ሠራተኛ ስለሆነች አልተመረጠችም አሉኝ። ደመወዟን ከማን እንደምትቀበል ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ እኔ ከፍያት አላውቅማ!»

ሐና ሳቋ አመለጣት። ፈቃደ ግን ወደ ስክሪኑ ዞሮ አነበበለት። «ለኃላፊው ምኑ ናት ለሚለው ሠራተኛ ይላል። ሠራተኛ ደግሞ አሠሪዋ ቤት ስለምታድር…»

«አሠሪዋ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እዚህ እንደሚለው።»

«ወላሂ፣ እኔን የምታሠራኝ እሷ ናት! ‹አባ ጫማህን አውልቅ፣ አሁን ጠርጌ› ትለኛለች፤ አውልቄ እገባለሁ። አሠሪ እንደዚህ ነው?»

እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። «ቅጹን ሲያስሞሉ ምን ብለው ነበር?» ስል ጠየቅሁት።

«ምን እላለሁ የኔ እመቤት? ርእሰ መምህሩ ምንህ ናት ሲለኝ ገረዴ ናት አልኩት። ገረዴ አይደለችም?»

ልጄ፣ ነገሩ ያኔ ገባኝ። ገረድ! በእኛ ቋንቋ ሴት ልጅ ማለት አይደለም ወይ? እኔ በአባቴ ቤት ገረድ ተብዬ ነው ያደግሁት። አንቺን ወልጄ አክስትሽ በሩ ላይ ላሉት ሰዎች የጮኸችው በዚሁ ቃል ነው። አማርኛውም ልጃገረድ ሲል ቃሏን ደብቆ ይዟታል። ግን አማርኛ በያዝኩ ሰዓት ልቤ አማርኛ ብቻ ያስባል፤ ሌላው ቋንቋዬ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። የአገናው ርእሰ መምህር አባቶቹ ያሉትን ቃል እንዳለ ጽፎታል። ሐና እንዳለ አስገብታዋለች። የእኔ ኦቶኮሬክት ግን ከኋላዋ እየተከተለ የሰው ልጆችን ሁሉ የአባቶቻቸው ቤት ሠራተኛ ሲያደርግ ሰንብቷል።

ሙሀመድአወልን አስቀመጥነው። ጾም ይዟል፤ ከአገና የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። «እኔ ለመጣላት አልመጣሁም። ነገር ግን ማክሰኞ ደላላው ይመጣል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የምን ደላላ?»

«ልጅቷን ወደ ውጭ ሊወስዳት። ስሟ ዘጠነኛ ክፍል ተጽፏል፤ ማደሪያ ስለሌላት ግን ቤት ቁጭ ብላለች። ደላላው ‹ዝም ብላ ከምትቀመጥ› አለ። እናቷም ተረታች። እኔ ልቤ አልፈቀደም፤ ግን ምን ይዤ እምቢ ልበለው?»

ወዴት እንደሚወስዳት ጠየቅሁት። የነገረኝ ከተማ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው። ሥራው ግን የቢሮ አይደለም አለኝ።

የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ቡታጅራ ያለው ኮሚቴ ነው፤ ስብሰባው ደግሞ ሰኞ። ከሰኞ በኋላ ስም አይጨመርም። ፈቃደ መዝገቡን አርመን በዲስኬት ካደረስን እንደሚቀበሉን በስልክ አረጋገጠ። መነጽሬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ቱልስን ከፈትኩ። ኦቶኮሬክት የለም!

ዝግት አድርጌ ከፈትኩት። የለም። ሪሌሽንሺፕስ አለ፣ ዩቲሊቲስ አለ፣ ኦፕሽንስ አለ፤ እሱ ግን ከነበረበት ቦታ ጠፍቷል።

«ቲቸር፣ በስህተት ሰርዘውት ይሆን?» አለ ፈቃደ፣ እጁን ሳያወጣ።

«ዝም በል ፈቃደ።»

«ሰው እንጥራ?»

«ሰው እኔ ነኝ።»

ይህን ያልኩት በድፍረት ነው። እንደ ልማዴ ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየነካሁ ወረድኩ። ከመጨረሻው ቃል በታች፣ ድንበሩ ላይ፣ ወደ ታች የሚያመለክቱ ሁለት ትናንሽ ቀስቶች ተደራርበው አየሁ። ከዚያ በፊት ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ነካኋቸው። መሳቢያው ተዘረጋ! እንደ ታጠፈ ጨርቅ ተዘረጋ! ያላየኋቸው ቃላት በየመካከሉ ብቅ ብቅ አሉ፤ ኦቶኮሬክትም በቦታው ቁጭ ብሏል። «አገኘሁህ!» ብዬ ጮህኩ። ሐና አጨበጨበች። ሙሀመድአወል ምን እንደተገኘ ሳያውቅ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በደንብ ያዢው። ሜኑ የሚሉት ይህ መሳቢያ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን ይደብቀዋል። የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። ሁለቱን ቀስቶች የሚነካ ሰው ሲመጣ ከነበረበት ይወጣል።

ገብቼ ገረድ የሚለውን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ኦቶኮሬክት የሚያርመው በሚጻፍበት ሰዓት ነው፤ አንዴ የተጻፈው ተመልሶ አይቃናም። የተጻፈውን መለወጫው ያለው በቱልስ ሳይሆን በኤዲት ሥር ነው፤ ሪፕሌስ ይባላል። ፈቃደ፣ «ሁሉንም በአንዴ ሠራተኛን በልጅ ይለውጡት፣ ይገላገሉ!» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ከመካከላቸው በእርግጥም ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ቢኖሩስ? ወረቀቶቹን አወጣን። ሐና ቅጹን እያነሳች ታነባለች፣ እኔ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ አርማለሁ፣ ፈቃደ ወረቀቱን መልሶ ያስራል። ሐና «ገረድ» ባለች ቁጥር እኔ «ልጅ» ብዬ ጮክ እያልኩ እጽፋለሁ። ቅዳሜም እንደዚያው ቀጠልን። ሁለት ልጆች በእርግጥም ሠራተኞች ሆነው ተገኙ፤ በራሳቸው እጅ፣ ሠራተኛ ብለው፣ ንጉሡን ሠ ሳይስቱ ጽፈዋል። እነሱን እንዳሉ ተውኳቸው፤ ነገራቸው ግን ከልቤ አልወጣም።

ጨርሰን መዝገቡን ዲስኬቱ ላይ ስንገለብጥ አልበቃም አለ! ፋይሉ ከዲስኬቱ በላይ ወፍሯል። ፈቃደ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ ረድኤት፣ አልደነገጥኩም! ቆይቼ እመለስበታለሁ ያልኩሽን ዳታቤዝ ዩቲሊቲስን አስታወስኩ። ከውስጡ ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር የሚል አለ። አክሰስ የሰረዝሽውን ነገር ከዓይንሽ ያነሳዋል እንጂ ቦታውን አያስለቅቀውም፤ ባዶው ቦታ እየተጠራቀመ ፋይሉን ያሳብጠዋል። ኮምፓክት ያንን ባዶ ሁሉ አውጥቶ ያጠጋጋዋል። የተከፈተ ሠንጠረዥ ካለ መጀመሪያ ዝጊ፤ ከዚያ ቱልስ፣ ዳታቤዝ ዩቲሊቲስ፣ ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር። አደረግሁት። ከታች በኩል ትንሽ ሰማያዊ መስመር ሮጠችና አለቀ። ዲስኬቱን እንደገና ሞከርን። ገባ!

«ምን ተቆረጠለት?» አለ ፈቃደ።

«ምንም። የራሱ ያልሆነውን ተወው እንጂ አንድም ስም አልጎደለበትም» አልኩት። የማስተምርበት ድምፄ ተመልሶልኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ሙሀመድአወልና ሃፊዛ አገና ላይ ጠብቀው ገቡ። ሃፊዛ ቀጭን፣ ዓይኗ የማይቀመጥ ልጅ ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ ጭኔ ላይ ያለውን ዲስኬት ታየዋለች። ፈቃደ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ካስቀመጡት በውስጡ ያለው ይጠፋል ብሎ አስፈራርቶኛል። ሾፌሩ ደግሞ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ከፍቶታል፤ ማጉያው ከወንበሬ ሥር ነው። ዲስኬቱን አንገቴ ድረስ ከፍ አድርጌ ይዤ ተጓዝኩ።

«እትዬ፣ ምን ይዘው ነው እንደ ሕፃን ያቀፉት?» አለኝ ረዳቱ።

«ልጆች» አልኩት።

«ስንት ናቸው? ሒሳብ እንቀበል እንጂ!» አለ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ቡታጅራ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቁጥብ ሴት ናት። ስህተቱን ከነመንስኤው አስረዳኋት፤ የራሴ ስህተት መሆኑንም አልደበቅሁም። ፋይሉን ከፍተው አዩ። ሃፊዛንም ጠሯትና ሰብሳቢዋ፣ «አንቺስ ወደፊት ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

ሃፊዛ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። «መጀመሪያ ገረድ ልሁን። ኮምፒዩተራችሁ እሱኑ ነው የከለከለኝ» አለች።

ከኮሚቴው መካከል ቋንቋውን የሚያውቁት በሳቅ ፈነዱ፤ የማያውቁት ተነግሯቸው ዘግይተው ሳቁ። ሰብሳቢዋም ሳቀች። ሃፊዛና የእሷ ዓይነት ስህተት የደረሰባቸው ሁሉ በመዝገቡ ገቡ።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። እነዚያን ሁለቱን ልጆች አነሳኋቸው። «ሠራተኞች ናቸውና በደንቡ…» ሲሉኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ማረፊያ አላቸው ያለው ማነው?» አልኩ። «የምታድርበት ቤት የሷ አይደለም። ሲከፉባት በሩን ዘግታ የምታለቅስበት ክፍል የላትም። ለቤተሰቧ ደህና ነኝ እያለች ትልካለች፤ እነሱም አምነው ሳይሆን አፍረው ዝም ይላሉ። ይህችን ልጅ ቤት አላት ብላችሁ ትተዋት ትሄዳላችሁ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አንዱ ውሃ አቀረበልኝ። ጠጣሁ። ሰብሳቢዋ ደንቡን እንደገና እንመለከተዋለን አለች። ከቀትር በኋላ ተጠርቼ ሁለቱም መግባታቸውን ሰማሁ።

ትናንት ማክሰኞ ሙሀመድአወል ከአገና ደወለ። ደላላው መጥቶ ነበር። «‹ልጅቷስ?› አለኝ፤ ‹ሥራ ይዛለች› አልኩት። ‹ምን ሥራ?› ሲለኝ ‹ዘጠነኛ ክፍል!› አልኩት» ብሎ በስልኩ ውስጥ ሳቀ። ሃፊዛ ዛሬ ከሰዓት ፍራሽዋን ይዛ መጥታለች። እኔው ነኝ ያስገባኋት፤ አልጋዋ ከመስኮቱ በኩል ነው።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ከስብሰባው በኋላ ሰብሳቢዋ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ የወልቂጤው ቢሮ ቋሚ የመዝገብ ሠራተኛ እንደሚያስፈልገው ነገረችኝ። ሐና መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ። «ቱልስን እንደ እርስዎ የሚያውቅ ሰው ከየት እናገኛለን?» አለችኝ።

«አንዲት ተማሪ አለችኝ» አልኳት።

«የት ነው የሚያስተምሯት?»

«በደብዳቤ።»

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ቀልድ አለመሆኑን ስታይ፣ «መቼ ትጨርሳለች?» አለችኝ። ወደ ጥር ግድም አልኳት። ስምሽንም አስመዘገብኩ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እያጣጠፍሽ አንብቢው። ኮምፒዩተር ፊትሽ ባይኖርም ግድ የለም፤ የቱልስን ቅደም ተከተል በቃል መያዝ ይቻላል። ሰው እጁ ሌላ ሥራ ላይ እያለ፣ ልብስ እየተኮሰ እንኳ፣ በልቡ ሊያጠናው ይችላል። እኔም ያጠናሁት እንደዚያ ነው። ያልገባሽን ጻፊልኝ፤ አሥር ጊዜ ብትጠይቂኝ አሥር ጊዜ እመልሳለሁ፤ ታውቂኛለሽ። ስለ ጉዞው ሃሊማን አማክሪያት፤ ወረቀትሽን የያዘብሽ ሰው ቢኖር እንዴት እንደሚጠየቅ እሷ ታውቃለች። አባትሽ ይህን ያነበብኩለት ጊዜ ተነስቶ የጓዳሽን በር ማጠፊያ ዘይት ሲቀባ አየሁት።

የምታድሪበትን ቤት ሰዎች ልብ እግዚአብሔር ያለስልስልሽ። ድካምሽን ያቅልልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፣ መንገድሽን ወደዚህ ያቅናልሽ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። አሁን ካለሽበት ቦታ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማምጣት ያስፈልጋት ይሆን ብዬ ሰብሳቢዋን ጠይቄያት ነበር። አያስፈልግም ብላኛለች። እኔም ሆንኩ አባትሽ አንጠይቅሽም።

እናትሽ
ወርቅነሽ